የደጋ ቤት በርበሬ

የጉና ደጋ በርበሬ አያበቅልም። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ የቆመው ተራራ ገብሱን፣ ባቄላውንና ድንቹን ያሳድግልናል፤ በርበሬን ግን ገና ችግኝ ሳለ ውርጩ ይፈጀዋል። ስለዚህ በጋይንት፣ በነፋስ መውጫ ዙሪያ ላደግን ልጆች በርበሬ ተክል አልነበረም። በገበያ ቀን ከአህያ ጀርባ የሚወርድ፣ ጆንያው ሲነካ የሚንኮሻኮሽ ቀይ ዛላ ነበር። በግንዱ ላይ ተንጠልጥሎ ያየሁት ወደ እናቴ ትውልድ አገር፣ ወደ ስማዳ ቆላ በወረድኩ ጊዜ ነው፤ ከአንድ ጓሮ አጥር ሥር፣ ገሚሱ አረንጓዴ ገሚሱ ቀይ ሆኖ።

ገብሱ ከራስ ማሳ ነው። ሽሮው ከራስ አተርና ባቄላ ይዘጋጃል። ቅቤው ከላሟ፣ ነጭ ሽንኩርቱ ከጓሮ ይገኛል። በርበሬና ጨው ግን ገንዘብ ይፈልጋሉ፤ ለዚህም በግ ይሸጣል፣ በግ ከሌለ ዶሮና እንቁላል ይጠራቀማል። በአያቴ ቤት የዓመቱ በርበሬ የሚሸመተው በኅዳርና በታኅሣሥ ነበር። አዲሱ ምርት ገብቶ ዋጋው ረገብ ይላል፣ ፀሐዩም ለማስጣት ይመቻል። እስከሚቀጥለው ኅዳር ያችው ናት። እንግዳ ቢበዛ፣ ተዝካር ቢመጣ፣ ማኅበር ቢደርስ ከዚያችው ገንቦ ነው የሚወጣው። የጋይንት ሴት እጅ ለጋስም ቆጣቢም መሆን ነበረበት፤ ወጡ ቀልቶ ገበታ ላይ እንዲቀርብ፣ ገንቦውም ክረምቱን እንዲያሻግር። አድጌ ብዙ ዓይነት ሙያተኛ አይቻለሁ። እንደዚያ ያለ ስሌት በልቡ ይዞ፣ ያለ ወረቀትና ያለ ሚዛን ዓመት ከዓመት የሚያደርስ ግን ብዙ አላየሁም።

በአያቴ ወጣትነት በርበሬው ከጎጃም ይመጣ ነበር። እስቴ የተዳረችው አክስቴ አማት ነጋዴ ነበሩ። ከሞጣ ገበያ ሸምተው፣ ዓባይን በሰባራ ድልድይ ተሻግረው ወደ መካነ ኢየሱስ ያመጡታል። ያ ድልድይ በጎንደር ነገሥታት ዘመን የተሠራ ነው፤ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ከመሐሉ ከተቆረጠ ወዲህ ለረጅም ዘመን ሰውና ሸክም በገመድ እየተጎተተ ተሻግሮበታል። ሰውየው ያን ገመድ በእጃቸው ይዘው የሚወዛወዘውን ውሃ ቁልቁል እያዩ ያለፉ ናቸው፤ ስለዚህ በቤታቸው በርበሬ መሬት ላይ ሲፈስ ዝም ብለው አያዩም ነበር። በኋላ ቻይናዎች ከወረታ እስከ ወልድያ የሚዘልቀውን መንገድ ሠሩ። መኪናውም የቡሬንና የፍኖተ ሰላምን በርበሬ በደብረ ታቦርና በጋሳይ በኩል ወደ እኛ ደጋ ያወጣው ጀመር።

አያቴ በስተርጅና መንኩሰው ስለነበር ሁላችንም እማሆይ ነበር የምንላቸው። ገበያ ይዘውኝ ሲሄዱ ከበርበሬ ሻጭ ፊት ቆመው የሚያደርጉትን አሁንም በደንብ አስታውሳለሁ። ዋጋ አይጠይቁም፤ መጀመሪያ አንድ ዛላ ያነሳሉ። ከጆሯቸው አጠገብ ይሰብሩታል፤ በደንብ የደረቀ ከሆነ ጥርት ያለ ድምፅ አለው። ውስጡን ያሸታሉ። ፍሬውን መዳፋቸው ላይ ያራግፉና ጥቁር ነጥብ እንዳለበት ያያሉ። በመጨረሻም ቅርፊቱን በአውራ ጣታቸው አሽተው ጣታቸውን ወደ ፀሐይ ያዞራሉ። እርጥበት የነካው ዛላ በውጩ አምሮ በውስጡ ሻጋታ ይይዛል። የዛሬ የምግብ ባለሙያዎች አፍላቶክሲን የሚሉት፣ ጉበትን የሚጎዳው መርዝ ከእንዲህ ያለ ሻጋታ የሚመነጭ ነው። እማሆይ ይህን ስም ሰምተውት አያውቁም። መጥፎውን ዛላ ግን ገና ሲሰብሩት ያውቁታል፤ መልሰው በጆንያው ላይ ያኖሩና ምንም ክፉ ቃል ሳይናገሩ ወደ ሌላው ሻጭ ያልፋሉ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ሳምንታት ይወስዳል። መጀመሪያ ቅንጠሳው ነው። የሠፈሩ ሴቶች ክብ ሠርተው፣ ነጠላቸውን አፍና አፍንጫቸው ላይ አስረው፣ ጭራውን እየነቀሉ ከፍሬው ገሚሱን ያራግፋሉ። እጅ ይለበልባል። ሳታስበው ዓይኗን የነካች ልጅ ቀኑን ሙሉ ስታነባ ትውላለች። የምታጠባ እናት ከዚህ ሥራ ነፃ ናት፤ ጡቷን ነክታ ሕፃኑን እንዳታቃጥለው። ቀጥሎ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። የእኛ አገር ነፋስ ሰሌኑን ገልብጦ ስለሚሄድ አራቱም ማዕዘን በድንጋይ ይያዛል፤ ዶሮና ፍየል የሚያባርር ልጅም ይቀመጣል። ያ ሥራ የእኔ ነበር፤ እወደውም ነበር። ሴቶቹ እየቀነጠሱ የሚያወሩት ወሬ በሌላ ቀን ልጅ ፊት የማይወራ ነበርና።

ዋናው ድለዛው ነው። ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ቀይ ሽንኩርት፣ ጤና አዳምና በሶብላ በእርጥቡ ይወቀጣሉ። በሙቀጫ ሸክሸክ ከተደረገው በርበሬ ጋር ይለወሳሉ፤ ጨው ገብቶባቸው ይታሻሉ፤ ከዚያ ገንቦ ውስጥ ይታፈናሉ። ለቀናት እዚያው ይሰነብታል። በነዚያ ቀናት የማጀቱ ሽታ ይለወጣል። የመጀመሪያው ቀን አስነጥሶ የሚያስወጣው ሽታ እየለዘበ፣ እየከበደ ሄዶ፣ በመጨረሻ ጠላ ሊደርስ ሲል እንደሚሸተው ያለ ነገር ይሆናል። እማሆይ ክዳኑን ከፍተው፣ ፊታቸውን ጠጋ አድርገው፣ «ገና ነው» ወይም «በቃው» ይላሉ። ለምን ገና እንደሆነ፣ ለምን እንደበቃው ሲናገሩ አልሰማሁም። ሲወጣ እንደገና ይሰጣል፤ ሲደርቅ ምጣድ ላይ በለስላሳ እሳት ይታመሳል። ቅመሙ ለብቻው ነው፦ ኮረሪማ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ነጭ አዝሙድ፣ ጥምዝ፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ቅርንፉድ፣ አብሽ። እያንዳንዱ የየራሱ እሳት አለው። አብሽ ካረረ ይመርራል፣ ኮረሪማ እሳት ከበዛበት ሽታው ይጠፋል። ሁሉም በአንድ ምጣድ ላይ አብሮ አይታመስም።

በቤተሰባችን ሦስት ዓይነት በርበሬ ነበር፤ አንድ ጉርሻ ቀምሰን ከየት ቤት እንደመጣ እናውቅ ነበር። የስማዳዎቹ የእናቴ ወገኖች ቅመም አያበዙም፤ የበርበሬው ራሱ ጣዕም እንዲወጣ ይፈልጋሉ፣ ያቃጥላልም። የእስቴዋ አክስቴ ጥቁር አዝሙድ ታበዛለች፤ የእሷ ቤት ወጥ ቀለሙ ጠቆር ይላል፣ ሽታው በር ላይ ይቀበላል። የእማሆይ በርበሬ በነጭ ሽንኩርቱና በበሶብላው ይታወቃል። ሦስቱ ቤቶች በሰርግ ወይም በተዝካር ሲገናኙ የማን በርበሬ ይግባ የሚለው ጉዳይ ቀላል አልነበረም። ሴቶቹ በጎን ሆነው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ በብዙ ትሕትና ይከራከሩበታል። «ኧረ የእርስዎ ይግባ፣ የኔማ ዘንድሮ አልሆነልኝም» ትላለች አንዷ። ሌላዋም «ምን ሲሆን፣ አንች እያለሽ!» ብላ ትመልሳለች። በመጨረሻ ከሦስቱም ይገባል።

ቀይ ወጥ የክብር ወጥ ነው። አልጫ ለልጅ፣ ለታመመና ሆዱን ለሚያመው ይሠራል፤ እንግዳ ፊት አልጫ ብቻውን ማቅረብ ግን በእኛ ዘንድ ነውር ነበር። አራስ ጥየቃ የሄደ ሰው የገብሱን ገንፎ መሐል ያያል፤ በቅቤና በበርበሬ ከተሞላ ቤቱ ደህና ነው ማለት ነው። በዐቢይ ጾም በእነዚያ 55 ቀናት ቅቤው ቀርቶ ተልባው፣ ሱፉ፣ ስልጆው፣ በሰናፍጭ የተለወሰው አዚፋ ይመጣል፤ ያኔ የሴቲቱ ብልሃት ይበልጥ ይታያል። ቅቤ ብዙ ጉድለት ይሸፍናል፤ ጾም ግን ምንም አይሸፍንም። ዘይት እንኳ በሌለበት ቤት፣ በበርበሬና በጨው፣ በትንሽ ነጭ ሽንኩርት ብቻ የተሠራ ሽሮ በልቼ ጣዕሙ እስካሁን ከአፌ ያልጠፋ አለ።

ይህን ሁሉ የሚያውቁ ሴቶች ግን የሚመሰገኑት ወጡ ሲሰምር ብቻ ነበር። ያልሰመረ ጊዜ የሚመጣው ፍርድ ግን ጨካኝ ነው። ይህን ሳልናገር ስለ በርበሬ ብጽፍ ግማሹን እንደ መደበቅ ይሆንብኛል።

ጎረቤታችን በአንድ ጥር ወር ልጁን ዳረ። ሙሽሪት ከታች ጋይንት፣ ከአርብ ገበያ አቅጣጫ የመጣች ነበረች፤ ከእኔ ብዙም አትበልጥም። ባሏ ቤት በገባች በዓመቱ የማኅበር ተራ ደረሰና ወጡን እንድትሠራ ታዘዘች። ዘነዘናውን በሁለት እጇ አንስታ እንኳ በወጉ የማትወቅጥ ልጅ ያን ሁሉ ሰው የሚያበላ ወጥ ላይ ቆመች። ሽንኩርቱ ሳይበስል በርበሬውን ጨመረች፣ እሳቱ በዛ፣ በርበሬው አረረ፤ ወጡ ወደ ጥቁር አደላ። ገበታ ላይ ሲቀርብ አንድ ሽማግሌ አንድ ጉርሻ ወስደው እጃቸውን ሰበሰቡ። «እናቷ አላስተማረቻትም እንዴ?» አሉ፤ ጮክ ብለው፣ ጓዳ ድረስ እንዲሰማ። ማንም አልመለሰላቸውም። አማቷ ፊቷን አጠቆረች። ልጅቷ ከጓዳው ሳትወጣ አመሸች።

በሳምንቱ እማሆይ ልጅቷን ለሥራ እንደሚፈልጓት አስመስለው አስጠሯት። ምድጃው አጠገብ አስቀምጠው፣ «ሽንኩርቱ ውሃውን እስኪጨርስ በርበሬ እንዳታስገቢ። ካስገባሽ በኋላ ውሃ ጠብ ጠብ አድርጊበት እንጂ እሳት አትጨምሪበት። ማማሰያውን ከእጅሽ አታውርጂ፤ ለወሬም ቢሆን ዞር አትበይ» አሏት። እስከ ፍልሰታ ድረስ ልጅቷ እየመጣች ተማረች። ከዓመታት በኋላ የአገሩ ሰው ሁሉ ለድግስ የሚጠራት ባለሙያ ሆናለች፤ በዚህ ደስ ይለኛል። ግን ያች ቀን ትክክል አልነበረችም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ 18 ዓመት አደረገው። የእኛ ሠፈር ሴቶች ልጆች ግን በዚያ ዘመንም ሆነ ከዚያ በፊት በልጅነታቸው ተድረው፣ እናቶቻቸው ዕድሜ ልካቸውን የተማሩትን ሙያ በአንድ ዓመት ካላሳዩ ገበታ ሙሉ ሰው ይፈርድባቸው ነበር። አንድ ሰው ሃያ ዓመት ድጓ ተምሮ ሲሳሳት መምህሩ ያርመዋል። ወጥ ያሳረረችን ልጅ ማን ሊያርማት ተቀመጠ? እንደ እማሆይ ያሉ ሴቶች በየጓዳው ባይኖሩ ይህ ዕውቀት በእፍረት ብቻ ይተላለፍ ነበር ማለት ነው።

ድጓን ያነሳሁት በምክንያት ነው። ጋይንት የቤተ ክርስቲያን ትምህርት አገር ነው፤ ቤተልሔም የድጓ፣ ዙር አምባ የዝማሬ መዋሥዕት ምስክር ናቸው። ከየአቅጣጫው የሚመጡት የቆሎ ተማሪዎች ደበሎ ለብሰው፣ አኮፋዳ አንግበው በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲሉ አድገናል። በእኛ አገር ወንድ ልጅ ማጀት ከገባ ይሰደባል፤ ተማሪዎቹ ግን ራሳቸው ያበስላሉ። አጎቴ ቤተልሔም ድጓ የተማሩ መሪጌታ ነበሩ፤ እናቴ ስትታመም ያለ አንዳች መሽኮርመም እጃቸውን ታጥበው ምድጃው ላይ ይቆሙ ነበር። የሚሠሩት የተማሪ ወጥ ነው። ውሃ ያፈላሉ፤ በርበሬና ጨው ይበጠብጡበታል፤ ነጭ ሽንኩርት ካለ ይደቁሱበታል፤ ድርቆሹን ፈርፍረው ያርሱታል። ቁራሽ የሰጠች ሴት የበርበሬ ቁንጥር ስትጨምርበት ለቆሎ ተማሪ ምን ያህል ውለታ እንደሆነ የነገሩን እሳቸው ናቸው። እናቴም ከዚያ ወዲህ ለተማሪ እንጀራ ብቻውን ሰጥታ አታውቅም።

በ1977 ዓ.ም. ድርቁ በወሎና በትግራይ ብቻ አልቆመም፤ የጋይንትና የስማዳ ሰውም ተጎድቷል። ትንሽ ልጅ ነበርኩ። በጎቹ አለቁ፤ በጎቹ ሲያልቁ የበርበሬውም ገንዘብ አለቀ። የእርዳታ ስንዴ ሲመጣ ንፍሮ ተቀቀለ፤ ስንዴው ለእኛ እንግዳ አልነበረም፣ ያለ ምንም ማጣፈጫ ሲበላ ግን ጉሮሮ ላይ ይቆማል። የታመመችው ታናሽ እህቴ አልበላም አለች። እማሆይ ከስልቻ ጥግ አራግፈው የመጨረሻዋን በርበሬ አወጡ፤ በጨው ውሃ በጥብጠው ንፍሮው ላይ ረጩላት። በላች። እኔ ከዚያ ቀን ጀምሮ ማጣፈጫ ትርፍ ነገር ነው ሲባል ስሰማ መቀበል ያቅተኛል። የእርዳታ እህል በኪሎ ይሰፈራል፤ መሰፈሩም ግድ ነው። ሰው ግን እህሉን ምግብ የሚያደርገውን ነገርም ይፈልጋል፤ የተራበ ሰውም ቢሆን፣ ይልቁንም የተራበና የታመመ ሰው።

ትምህርት ቤት ገብቼ በርበሬ ከአሜሪካ ምድር የመጣ ተክል መሆኑን ሳነብ አዘንኩ ማለት ይቀለኛል። የእኛ መስሎኝ ነበር። ኮሎምበስ እ.ኤ.አ. በ1492 አትላንቲክን ከተሻገረ በኋላ ነው ወደ ቀረው ዓለም የተዳረሰው። ከዚያ በፊት የአገራችን ገበታ የሚያቃጥለው በጥምዝ፣ በቁንዶ በርበሬ፣ በዝንጅብልና በሰናፍጭ ነበር። ድንቹም እንዲሁ ከአሜሪካ ነው፤ ጀርመናዊው ሺምፐር እ.ኤ.አ. በ1858 ወደ ኢትዮጵያ እንዳስገባው ይጻፋል። ከትምህርት ቤት ስንመለስ የምንበላው ትኩስ ቅቅል ድንች በበርበሬና በጨው፣ ድንቹና በርበሬው ውቅያኖስ ተሻግረው በጉና ሥር የተገናኙበት ምግብ ነበር። ኀዘኔ አልቆየም። ተክሉን ያመጣው ሌላ ቢሆንም፣ ደልዞ፣ አፍኖ፣ አምሶ በርበሬ ያደረገው የእናቶቻችን እጅ ነው።

ያንኑ ዛላ ሀንጋሪዎች ወስደው ፓፕሪካ አደረጉት። ፍሬውንና ውስጡን ያለውን ነጭ ሥር አውጥተው፣ ማቃጠሉን አለዝበው፣ ጣፋጩንና ቀለሙን አስቀሩ። ሴጌድ በምትባለው ከተማቸው ይሠራ የነበረው አልበርት ሴንት ጆርጂ ቫይታሚን ሲን በብዛት ያወጣው ከዚያው ከፓፕሪካ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1937 የኖቤል ሽልማት አገኘ። ከአገራችን አብዮት በኋላ ወደ አሜሪካ የተሰደዱ ዘመዶቼም በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የኖሩት በፓፕሪካ ነበር። በርበሬ የሚሸጥ ሱቅ በሌለበት ዘመን ለቀለሙ ፓፕሪካ፣ ለማቃጠሉ ሌላ ቀይ ዱቄት ገዝተው ቀላቅለው ዶሮ ወጥ ሠርተዋል። እስካሁንም በውጭ የሚታተሙ ብዙ የምግብ መጻሕፍት የእኛን በርበሬ አሠራር ሲያስተምሩ ከፓፕሪካ ይጀምራሉ። ዋሽንግተን የምትኖረው የአክስቴ ልጅ እንዲህ አለችኝ፦ «ቀለሙ አንድ ነው። ሽታው ግን አንድም ጊዜ ቤት አልመጣልኝም።» ድለዛው የለበትማ። በገንቦ ታፍኖ የሰነበተበት ጊዜ በምንም ዱቄት አይተካም።

አሁን ዋሽንግተንም አዲስ አበባም የታሸገ በርበሬ ሞልቷል። ጊዜ የሌላት ሠራተኛ ሴት ገዝታ ብትጠቀም አልፈርድባትም፤ የበርበሬ ፍርድ ይብቃን ብዬ ነው የምጽፈው። ግን ዕውቀቱ ሳይጻፍ እንዲጠፋ አልፈልግም። እማሆይ ካረፉ ቆይተዋል፤ የእሳቸውን አሠራር ከማንም ይልቅ የምታውቀው የእስቴዋ አክስቴ ናት። ስለዚህ ስልክ ደውዬ፣ ደብተር ይዤ፣ ከመጀመሪያው ጀምራ እንድትነግረኝ ለመንኳት። ስንት ማንኪያ ስላት ትቆጣለች፤ «በእጅሽ ዝገኚው፣ እጅሽ የት ሄደ?» ትላለች። በመጨረሻ አንድ ነገር አደረግን። እሷ በእጇ ስትዘግን ልጇ አጠገቧ ቆሞ በሚዛን ይመዝናል፤ እኔ እጽፋለሁ። ነጭ ሽንኩርቱን፣ ዝንጅብሉን፣ ጨውን ጽፈናል። ቅመሙ ላይ ስንደርስ አስቆመችኝ፦

«አዝሙዱን እንዳልኩሽ ጻፊው፤ የኔ ነው፣ ይበዛል። የእማሆይን ከፈለግሽ ግን ግማሹን ቀንሽና በሶብላውን ጨምሪ። ኮረሪማውን ወፍጮ ቤት ከመሄዱ በፊት መጨረሻ ላይ ነው የምታስገቢው። አመድ ላይ ሞቅ አድርጊው እንጂ እሳት እንዳታሳዪው። ወፍጮውም በርበሬ ብቻ የሚፈጭበት ይሁን፤ ሽምብራ ያስፈጨ ሰው ካለ ተራሽን ልቀቂና በኋላ ግቢ።»